ብረት ላይ የተጣበቀ ጀርም

እሾህ ወግቶት የማያውቅ ገበሬ የለም። እሾሁ በወረንጦ ተነቅሎ ከወጣ ቁስሉ በሁለት በሦስት ቀን ይደርቃል። ስባሪው ውስጥ ከቀረ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እግር ያብጣል፣ መግል ይይዛል፣ ይፈነዳል፣ የደረቀ ይመስላል፣ ደግሞ ያመረቅዛል። ቅባት ቢቀቡት፣ በጨውና በሙቅ ውሃ ቢያጥቡት ለጊዜው ነው። አዋቂዎች "ስባሪው ሳይወጣ አይድንም" ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

ታዲያ ምክንያቱ ምንድን ነው? ቆዳችን ላይ ጀርም ሁልጊዜ አለ። ሲቧጭረንም ሲቆርጠንም ይገባል። ሰውነታችን ይዋጋውና ይጨርሰዋል። ባዕድ ነገር ውስጥ ሲቀር ውጊያው ለምን ይከብዳል?

በለንደን ከተማ የነበሩ ተመራማሪዎች ይህን በሙከራ መርምረውታል። ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር 1957 ነበር። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ተመራማሪዎቹ በፈቃደኛ ሰዎች ቆዳ ውስጥ ስታፊሎኮከስ የተባለውን መግል አምጪ ባክቴሪያ በመርፌ አስገቡ። ቦታው መግል እንዲይዝ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ባክቴሪያ አስፈለገ። ከዚያ ቀጥለው ባክቴሪያ ያለበትን የሐር ክር በቆዳው ውስጥ አሳልፈው ሰፉ። አሁን 100 ባክቴሪያ ብቻ በቃ። ሚሊዮንን ለመቶ እናካፍለው፤ አሥር ሺህ ይሆናል። አንዲት የክር ቁራጭ የጀርሙን ጉልበት አሥር ሺህ ጊዜ ያህል አበዛችው ማለት ነው።

ክር ይህን ካደረገ፣ ብረትስ?

ሰው ሲያረጅ ወይም ሲታመም የዳሌው መገጣጠሚያ ሊበላ ይችላል። አጥንት ከአጥንት ጋር እየተፋተገ መራመድ ሥቃይ ይሆናል። ጆን ቻርንሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1962 ለዚህ መላ አበጀ። የተበላሸውን የጭን አጥንት ራስ ቆርጦ አወጣና በምትኩ የብረት ራስ አስገባ። ብረቱ የሚዞርበትን ጎድጓዳ ከጠንካራ ፕላስቲክ ሠራው። ሁለቱንም ለአጥንት ተብሎ በተዘጋጀ ሲሚንቶ አጣበቀ። ከቤት መውጣት ያቃታቸው ሰዎች ተነሥተው ሄዱ። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከመቶ ሕመምተኞች የሰባት ያህሉ መገጣጠሚያ መገለ። ቻርንሊ ጥፋቱን አየር ውስጥ ፈለገው። ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል የሚገባው አየር እንዲጣራ፣ ሐኪሞቹም መላ ሰውነታቸውን የሚሸፍን ልብስ እንዲለብሱ አደረገ። በዚህ ጥንቃቄ የሚመግለው ከመቶ ከአንድ በታች ወረደ።

ዛሬም በደህና ሆስፒታል ከመቶ ሰዎች አንዱ ወይም ሁለቱ ይመግላሉ። ይኼ ትንሽ ይመስላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ የሚገባው ሰው ሠራሽ ዳሌና ጉልበት ግን በሚሊዮን የሚቆጠር ነው፤ ስለዚህ የሚታመሙት አሥር ሺዎች ናቸው። በአገራችን ሰው ሠራሽ ዳሌ ያለው ሰው ጥቂት ነው። በመኪና አደጋ የተሰበረ አጥንቱ በብረት የተያዘለት ግን በየቦታው አለ። ጀርሙ ብረቱ በዳሌ ይሁን በቅልጥም አይለይም።

አሁን ወደ ወተት ዕቃ እንምጣ። የወተት ቅል በውሃ ብቻ ቢለቀለቅ ውስጡ ሙልጭልጭ እንዳለ ይቀራል። እናቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ በቅጠል ይፈትጉታል፣ በወይራም ያጥኑታል። ያ ሙልጭልጭ ነገር እድፍ ብቻ አይደለም። ብዙ ሚሊዮን ጀርሞች አንድ ላይ ተጣብቀው፣ ከራሳቸው በሚወጣ ዝልግልግ ነገር ተሸፍነው የሚኖሩበት ሰፈር ነው። ወንዝ ስንሻገር ድንጋዩ ላይ የሚያንሸራትተን፣ ጠዋት ጥርሳችንን ለብሶት የምናገኘውም የዚሁ ዓይነት ነው። ሊቃውንት ባዮፊልም ይሉታል። እኛ እዚህ የጀርም ሽፋን እንለዋለን።

የጀርምን ሽፋን ጠባይ መጀመሪያ ያስተዋለው ሰው ሐኪም አልነበረም። አንቶኒ ቫን ሌዋንሁክ የሚባል የሆላንድ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። የዘመኑ ሊቃውንት የሚጽፉበትን የላቲን ቋንቋ አያውቅም፤ ያየውን ሁሉ የጻፈው በአገሩ ቋንቋ ብቻ ነው። ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ በራሱ ቋንቋ ብቻ የጻፈውን ሰው ሥራ ዓለም እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። ይህ ሰው በ1680ዎቹ ውስጥ ከጥርሱ መሐል የፋቀውን ነጭ ነገር ራሱ በሠራው አጉሊ መነጽር ቢያየው ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን ነገሮች ሲርመሰመሱ አገኘ። የፋቀውን ከኮምጣጤ ጋር ሲያደባልቀው ሞቱ። አፉን በኮምጣጤ ተጉመጥሙጦ ከጥርሱ እንደገና ሲፍቅ ግን በሕይወት አሉ። ኮምጣጤው የገደለው ከውጭ ያሉትን ብቻ ነው፤ ወደ ውስጥ አልዘለቀም ሲል ጻፈ።

የዛሬዎቹ ሐኪሞች ራስ ምታትም ይኸው ነው። አንድ ጀርም ብረት ላይ ያርፋል። ይጣበቃል፣ ይራባል፣ ሽፋን ይሠራል። መድኃኒት በመርፌም በክኒንም ቢሰጥ በደም ውስጥ የሚንሳፈፉትን ይገድላል። ትኩሳቱ ይበርዳል፣ ሕመምተኛው ዳንኩ ይላል። መድኃኒቱ ሲቆም በብረቱ ላይ የቀሩት እንደገና ይነሣሉ።

ብዙ ሰው ሽፋኑ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ መድኃኒቱን ስለሚመልስ ብቻ ይመስለዋል። ግማሹ እውነት ነው። ብዙ መድኃኒቶች ሽፋኑን ሰርስረው ይገባሉ፤ ገብተውም አይገድሉም። ነገሩን ለመረዳት ሰርዶን እናስብ። ገበሬ ማሳውን አርሶ አለስልሶ ሲያበቃ ሰርዶው የጠፋ ይመስላል። አፈር ውስጥ የተኛው ሥሩ ግን ዝናብ ሲያገኝ ያቆጠቁጣል። በሽፋኑ ውስጥ፣ በተለይ ከታች ያሉት ጀርሞችም እንዲሁ ናቸው። ምግብና አየር ስለሚያንሳቸው አያድጉም፣ አይራቡም፤ ተኝተዋል። ፔኒሲሊንን የመሰለ መድኃኒት ደግሞ ጀርሙን የሚገድለው ሲያድግ፣ የገላውን ግድግዳ ሲሠራ ጠብቆ ነው። ለተኛ ጀርም ምን ያደርገዋል?

እዚህ ላይ የተለመደው የላቦራቶሪ ምርመራ ሊያታልል ይችላል። የላቦራቶሪ ሠራተኛው ከሕመምተኛው መግል ይወስዳል፣ ጀርሙን ያራባዋል፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚያቆመውም ይፈትናል። ምርመራው ጥሩ ነው፤ ያለ እርሱ ሐኪም በጨለማ ነው የሚሄደው። ነገር ግን የተፈተነው እየተመገበ በፍጥነት የሚራባ ጀርም ነው። ብረት ላይ የተኛው አልተፈተነም። በወረቀት ላይ "ይህ መድኃኒት ይሠራል" ተብሎ ይጻፋል፤ ሕመምተኛው ግን አይድንም።

በካናዳ አገር በካልጋሪ ከተማ የነበሩ ተመራማሪዎች በ1999 ለዚህ የሚሆን ዕቃ ማበጀታቸውን ጻፉ። ዕቃው ገበጣ ይመስላል። ጉድጓዶቹ ግን ስምንት ረድፍ፣ በየረድፉ አሥራ ሁለት ናቸው፤ በጠቅላላው 96። ክዳኑ ላይ 96 ትንንሽ ችካሎች ወደ ታች ተተክለዋል። ክዳኑ ሲገጠም እያንዳንዱ ችካል በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ይጠልቃል። መጀመሪያ ጉድጓዶቹ ጀርም ባለበት የተመጣጠነ ውሃ ይሞላሉ። ጀርሞቹ ችካሎቹ ላይ ይጣበቁና ሽፋን ይሠራሉ። ከዚያ ክዳኑ ተነሥቶ ይታጠባል፤ ጉድጓዶቹ በመድኃኒት ወደ ተሞሉ ሌላ ገበጣ ይዛወራል። መድኃኒቱ በአንዱ ጉድጓድ ትንሽ፣ በሚቀጥለው እጥፍ፣ በሚቀጥለው የእጥፍ እጥፍ ነው። አንድ ቀን ያህል ከቆየ በኋላ ችካሎቹ ይታጠባሉ፣ በጆሮ በማይሰማ ድምፅ ተንቀጥቅጠው ሽፋኑ ይራገፋል፣ የቀረ ሕያው ጀርም ካለ ይታያል።

እንዲህ ባሉ ሙከራዎች የተገኘው ውጤት ያስደነግጣል። ሽፋን ውስጥ ያለውን ጀርም ለመግደል የሚያስፈልገው መድኃኒት ለተንሳፋፊው ከሚበቃው 100፣ አንዳንዴም 1000 እጥፍ ሆነ። ይህን ያህል ለሰው ቢሰጥ ከጀርሙ በፊት ሰውየው ይመረዛል።

ስለዚህ ሁለት መድኃኒት አንድ ላይ ስለ መስጠት ታሰበ። በዚያው ገበጣ አንዱን መድኃኒት በአግድም፣ ሌላውን በቁም እያበዙ ይሞላሉ። አንዱ ጉድጓድ ውስጥ የሁለቱም ትንሽ፣ በሌላው የአንዱ ብዙ የሌላው ትንሽ ይገባል። ከዚያ ይታያል፤ ሁለቱ እየተረዳዱ ነው፣ ወይስ እያንዳንዱ የራሱን ብቻ ነው የሚሠራው?

ወይስ ይጣላሉ? አዎን፣ መድኃኒቶች ይጣላሉ። በ1951 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ የሐኪሞች ጽሑፍ ይህን አሳይቷል። በሽታው ኒሞኮከስ የተባለ ባክቴሪያ የሚያመጣው የማጅራት ገትር ነበር። ፔኒሲሊን ብቻ ከተሰጣቸው 43 ሕመምተኞች 13 ሞቱ። ፔኒሲሊንና ኦሪዮማይሲን ተጨምሮ ከተሰጣቸው 14 ሰዎች ግን 11 ሞቱ። ኦሪዮማይሲን የጀርሙን እድገት ያቆማል። ፔኒሲሊን ደግሞ የሚገድለው የሚያድገውን ነው አልን። ግንበኛውን አስተኝቶ የሚገነባውን ግድግዳ አፍርስ እንደ ማለት ነው። "አንድ ከሚረዳ ሁለት ይሻላል" ብሎ ክኒን መደራረብ እንዲህ ሊያደርግ ይችላል።

ስታፊሎኮከስ ብረት ላይ ሲጣበቅ ብዙ ተስፋ የተጣለበት መድኃኒት ሪፋምፒሲን ነው። ስሙን የምታውቁት አላችሁ። የሳንባ ነቀርሳ ታካሚዎች የሚውጡት፣ ሽንትን እንደ ብርቱካን የሚያቀላው መድኃኒት ነው። ምንጩ አፈር ነው። በ1957 ከደቡብ ፈረንሳይ የጥድ ደን የተዘገነ አፈር ጣልያን አገር ሚላኖ ከተማ ተመረመረ፤ በውስጡ ከተገኘ ረቂቅ ተሕዋስ የመጀመሪያው መድኃኒት ወጣ። ሪፋምፒሲን ከእርሱ ተሻሽሎ በ1960ዎቹ የተሠራ ነው። ጠቀሜታው ሽፋን ውስጥ ገብቶ የተኙትንም መግደሉ ነው።

ይሁን እንጂ ትልቅ ጉድለት አለበት። ብቻውን ከተሰጠ ጀርሞቹ ቶሎ ይለምዱታል። ከአሥር ሚሊዮን ወይም ከመቶ ሚሊዮን ጀርሞች መሐል አንዷ ስትወለድ ጀምሮ ሪፋምፒሲን አይነካትም። "ከመቶ ሚሊዮን አንዷ ምን ታመጣለች?" ትሉ ይሆናል። በብረቱ ላይ ያሉት ግን ከመቶ ሚሊዮን ሊበልጡ ይችላሉ። ሌሎቹ ሲሞቱ ያቺ አንዷ ሰፊ ቦታ ይለቀቅላታል፤ በጥቂት ቀን ልጆቿ ብረቱን ይወርሱታል። ሁለተኛ መድኃኒት ሲጨመር ሒሳቡ ይለወጣል። አንዱን የምትቋቋመው ከአሥር ሚሊዮን አንዷ፣ ሌላውንም የምትቋቋመው ከአሥር ሚሊዮን አንዷ ናት እንበል። ሁለቱንም የምትቋቋመውን ለማግኘት አሥር ሚሊዮንን በአሥር ሚሊዮን ማባዛት ነው፤ መቶ ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ይሆናል። ይህን ያህል ጀርም ደግሞ አንድ ብረት ላይ አይገኝም። የነቀርሳ መድኃኒትም ብዙ ዓይነት ሆኖ አንድ ላይ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ገበጣው ላይ የሠራ ሁሉ ሰው ላይ ይሠራል ማለት ግን አይደለም። በስዊዘርላንድ ቬርነር ዚመርሊና ባልደረቦቹ ያደረጉት ሙከራ በ1998 ታተመ። ሕመምተኞቹ 33 ነበሩ፤ ሁሉም በአጥንታቸው ውስጥ ባለ ብረት ላይ ስታፊሎኮከስ ያለባቸው፣ ሕመማቸው ግን ገና ያልቆየ። መጀመሪያ በቀዶ ጥገና ቦታው ተጸዳ፤ ቅሉ እንደሚፈተገው ማለት ነው። ብረቱ አልወጣም። ከዚያ 18ቱ ከሌላው መድኃኒት ጋር ሪፋምፒሲን ተሰጣቸው። የቀሩት 15 ሌላውን መድኃኒትና ሪፋምፒሲን የሚመስል ባዶ ክኒን ተሰጣቸው። የትኛው የማን እንደሆነ ሕመምተኛውም ሐኪሙም አያውቅም። ይህ ማታለል አይደለም፤ ሕመምተኞቹ ነገሩን አውቀው የገቡበት ነው። ሐኪሙ ካወቀ ሳይታወቀው ለአንዱ ያደላል፤ ሕመምተኛውም ካወቀ ሳይሻለው ተሻለኝ ይላል።

ከደም ሥር መድኃኒቱ በኋላ ክኒኑ ሲፕሮፍሎክሳሲን ነበር። ሕክምናው ዳሌ ከሆነ ሦስት ወር፣ ጉልበት ከሆነ ስድስት ወር ፈጀ። እስከ መጨረሻው የቆዩት 24 ናቸው። ሪፋምፒሲን ከወሰዱት 12ቱ 12ቱም ዳኑ። ባዶ ክኒን ከወሰዱት 12 ግን የዳኑት 7 ናቸው። ካልዳኑት ከአምስቱ በአራቱ ላይ ጀርሙ ሲፕሮፍሎክሳሲንን ለምዶ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ ይህ ጥምረት በብዙ አገር ተለመደ። ቢሆንም 12 እና 12 ሰው ትንሽ ቁጥር ነው። በኖርዌይ ሐኪሞች በ1920 ሳይሆን በቅርቡ፣ በ2020፣ የራሳቸውን ሙከራ ውጤት አወጡ። ሪፋምፒሲን ከተጨመረላቸው 23 ሰዎች 17 ዳኑ። ካልተጨመረላቸው 25 ደግሞ 18 ዳኑ። በመቶ ብናሰላው 74 እና 72 ነው፤ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። የኖርዌዮቹ ጓደኛ መድኃኒት ግን ሲፕሮፍሎክሳሲን አልነበረም፤ ክሎክሳሲሊን ወይም ቫንኮማይሲን ነበር። አንዳንዶች "ሪፋምፒሲን ሳይሆን ጓደኛው ነው የተለየው" ይላሉ። ሌሎች "የመጀመሪያው ሙከራ ትንሽ ስለነበረ ነው" ይላሉ። ክርክሩ አልተዘጋም። እኛ ወደ መጀመሪያዎቹ እናደላለን፤ ነገር ግን ሌላ ትልቅ ሙከራ ሳይደረግ ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም።

ስለ ጊዜው ርዝመት ግን ከፈረንሳይ ጥሩ መልስ መጥቷል። በ2021 በታተመው ሙከራ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያቸው የመገለ ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። መድኃኒቱን 6 ሳምንት ከወሰዱት 193 ሰዎች 35ቱ ላይ በሽታው ቀረ። 12 ሳምንት ከወሰዱት 191 ሰዎች ግን 18ቱ ላይ ብቻ። ከዚህ ሁሉ በኋላም በ12 ሳምንት የማይድን ሰው እንዳለ አስተውሉ።

አሁን አንድ ሰው እናስብ። ቅልጥሙ ተሰብሮ በብረት ተይዞለታል፤ አርሷል፣ አጭዷል። አንድ ቀን ጠባሳው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ያወጣል። ከተማ ወርዶ ከሱቅ አሥር ፍሬ ክኒን ይገዛል። በአምስተኛው ቀን ይደርቅለታል። የቀሩትን አምስት ክኒን ለጎረቤቱ ልጅ ጉሮሮ ይሰጣል። በወሩ ቁስሉ ይመለሳል፤ እንደገና ሱቅ ይሄዳል። እንዲህ እያለ ዓመት ያልፋል። በመጨረሻ ሆስፒታል ሲደርስ ሁለት ነገር አምልጦታል።

አንደኛው ምርመራው ነው። ክኒኑ ተንሳፋፊዎቹን ስለ ገደለ መግሉ ውስጥ ጀርም አይገኝም፤ ሐኪሙ የትኞቹን ሁለት መድኃኒቶች እንደሚያጣምር አያውቅም። የወጣውን ብረት ራሱን መመርመር እንደሚረዳ ታውቋል። በ2007 አሜሪካ ውስጥ በ331 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ የወጣው መገጣጠሚያ በማይሰማው ድምፅ ተንቀጥቅጦ ሽፋኑ ሲራገፍ ከመቶ በሽተኞች የ79 ያህሉ ጀርም ተገኘ። በተለመደው የሥጋ ምርመራ ግን የ61 ያህሉ ብቻ ነው። ይህ መሣሪያ በየቦታው የለም። ቢኖርም ብረቱ መውጣት አለበት።

ሁለተኛው ጊዜው ነው። ሽፋኑ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ገና ለጋ ነው፤ ከታጠበና ጥንዱ መድኃኒት ከተሰጠ ብረቱ በቦታው ሊቆይ ይችላል። ከቆየ ግን እንደ እሾሁ ስባሪ ብረቱ ይወጣል። ዳሌ ወይም ጉልበት ከሆነ ብዙ ጊዜ በቦታው መድኃኒት የተለወሰበት ሲሚንቶ ለሳምንታት ይቀመጣል፣ ከዚያ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ተደርጎ አዲሱ ይገባል። ስለዚህ ብረት ያለበት ሰው ጠባሳው አመርቅዞ ሲመጣ ሐኪሙ ገና ቁስሉን ሳይነካ "መቼ ጀመረህ? እስካሁንስ ምን መድኃኒት ወሰድክ?" ብሎ ይጠይቀዋል። የክኒኑን ባዶ ማሸጊያ ይዞ የመጣ ሰው ለሁለተኛው ጥያቄ ጥሩ መልስ አለው።